ኦኬሎ ገና ሁለት ነፍስ አለው

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቤኔዘር፣ ባለህበት፣

«ኦኬሎ አልሞተም ባክህ፤ ገና ሁለት ነፍስ አለው።»

ይህን የሰማሁት ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በገበያው ጀርባ ሳልፍ፣ ከኩዎል ጌም ቤት መጋረጃ ኋላ ነው። ኩዎልን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ እዚህ ያደገ ቁመተ ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ሦስት ቴሌቪዥንና አንድ ጄኔሬተር አለው፤ ይህ በከተማችን ኢንቨስተር ያሰኛል። እኔ ደግሞ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የሰማሁትን ሳላጣራ እንዳላምን ይጠበቅብኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ አመንኩ። ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ የስድሳ ተማሪ ፈተና በብብቴ ይዤ፣ ኦኬሎ አለመሞቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ያለ ምንም ማስረጃ አመንኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ «ሁለት ምን ያደርግለታል፣ እኔ አንዱም ከብዶኛል» የሚል ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

በቴሌቪዥኑ ላይ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው ወንዝ ዳር ባለ መንገድ ቆሞ የሌላውን ሰው መንጋጋ በብረት ቧንቧ ያወልቃል። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ሲበተኑ ይታያሉ፤ ሠሪው ለጥርስ የተለየ ትኩረት ሰጥቷል። ከሰውዬው ራስ በላይ በአማርኛ «ኦኬሎ» የሚል ስም አለ፤ ከጎኑ «ነፍስ፦ 2»።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ኩዎል?»

«ዴሞ ወጥቶ ነው፣ ቲቸር።»

የመንግሥት ሠራተኛ ጆሮ መስማት የሚፈልገውን ይሰማል፤ ደሞዝ የወጣ መስሎኝ ወደ ባንክ ልሮጥ ነበር። ኩዎል ታግሦ አስረዳኝ። ዴሞ ማለት ያላለቀ ጨዋታ ለቅምሻ ሲሰጥ ነው፤ በነጻ ነው፤ የሠራውም «የኛው ከተማ ልጅ ነው አሉ»። ጨዋታው ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም መጣ። አራቱን ማንበብ አቃተኝ። አምስተኛው አንተ ነህ።

ከአገር ከወጣህ ወዲህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። አባትህ ለአባቴ የአክስት ልጅ ስለሆነ ዝምታውን በሥጋ ዝምድናችን ርቀት ሳመካኝልህ ኖሬአለሁ፤ ሦስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራችንን ግን የት ላድርገው? ጓደኛችን ኦኬሎ ከተቀበረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የቀበሩት ዘመዶቹ ናቸው፤ እኔና አንተ ቀብሩ ላይ አልነበርንም። አሁን ስሙን ሰፈራችንን በሚመስል መንገድ ላይ፣ ቧንቧ አስይዘኸው አገኘሁት። ምን ማለት ነው?

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፤ ይቅርታ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ከአራት ዓመት በፊት ማረፏን ሰምተሃል መሰለኝ፤ ካልሰማህ አሁን ሰማህ። እግዚአብሔር ያለህበትን አገር ብርድ ያለሳልስልህ።

ረታ

ማስታወሻ፦ ይህን የምትተይበው ናዝሬት ናት፣ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ። መልስህንም የምታትምልኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ ምስጢር አትጻፍ።


ዋርሶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ረታ፣

ከሙቀቱ በቀር ምንም የማይነካዎት ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ለወይዘሮ ናዝሬትም እንዲሁ።

የእትዬን ዕረፍት ሰምቼ ነበር። ደብዳቤ ጀምሬ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። እስከ ዛሬ እዚያው መስመር ላይ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። በእጃቸው የበላሁትን አልረሳም።

ስለ ጨዋታው፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳህን አጥቤያለሁ፣ ቀጥሎ ዕቃ ጭኛለሁ፤ ከዚያ ተምሬ አሁን አምስት ሰዎች ሆነን ጨዋታ እንሠራለን። ቀይ ጃኬትን ያስታውሳሉ አይደል? ሦስታችን እየተቀማማን የምንጫወተውን? የእሱን አካሄድ ነው የተከተልኩት። የኦኬሎን ስም ያደረግኩት ለመታሰቢያ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

አንድ ውለታ ብጠይቅዎትስ? እስከ መጨረሻው ይጫወቱትና የጎደለውን ይጻፉልኝ። ቧንቧው ክብደት አለው ወይ? ድምፁ እውነት ይመስላል ወይ? አለቃዬ ደሙ በዛ ይላል። አማርኛውን የተረጎመው ኮምፒውተር ነው፤ እሱንም ቢያርሙልኝ። ጨዋታው ሚያዝያ 1 ቀን ተጠናቆ ለገበያ ይወጣል።

አክባሪዎ አቤኔዘር


ጋምቤላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቤኔዘር፣ ሰላምህ ይብዛ፣

«እርስዎ» ብለኸኝ ከአርባ አንድ ዓመቴ ላይ ሃያ ጨመርክልኝ፤ ናዝሬት ሳቀች። ለሰላምታህ አመስግናለች፤ ወይዘሪት ናት።

የዘገየሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በጥቅምት መጨረሻ ለሁለት ቀን ተኩስ ነበር። ከዚያ ሰዓት እላፊ ሆነ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እንዳትጠይቀኝ፤ እኛ የምንሰማው ውጭ ካላችሁት ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሦስት ጥይት ነቅለናል፣ ከኩዎል ጄኔሬተር አንድ። ጄኔሬተሩ ተርፏል። ከጎኑ የቆመው ሰው አልተረፈም።

ሁለተኛው ምክንያት ስጫወት ነበር።

ወደ ሪፖርቱ ልግባ። ቧንቧው ክብደት አለው፤ ሲያርፍ ክንድ ላይ ይሰማል። የሰው ራስ ከሱቅ መዝጊያ ብረት ጋር ሲላተም ያለው ድምፅ ግን ልክ አይደለም፣ ባዶ በርሜል ይመስላል። እውነተኛው እንደዚያ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደሙ በዛ ለሚለው አለቃህ አልበዛም በለው። ችግሩ ቶሎ መጥፋቱ ነው፤ ሰውዬው ከወደቀ ከአፍታ በኋላ መሬቱ ይጸዳል። እዚህ ዝንብ ይመጣል።

በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰው ገደልኩ፣ በሁለተኛው ስድሳ። ከዚያ በኋላ መቁጠር አፈርኩ። ጠዋት ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ሰላም ስምምነቶች አስተምራለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ኩዎል ዘንድ ገብቼ የማላውቀውን ሰው ጉልበት እሰብራለሁ፤ እንቅልፌ ለስላሳ ሆኗል። ይህን ለማንም እንዳትናገር። ናዝሬት ሰምታለች፣ እሷ ትበቃለች።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ የጤና ባለሙያና አንድ የባጃጅ ሹፌር በተራ ተጣሉ። ጆይስቲኩን በሽቦው ሲጓተቱ ቆዩና ባለባጃጁ በዚያው በጆይስቲኩ አፉን አለው። እውነተኛ ጥርስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው።

«ያንሳል» አለ ኩዎል ከቴሌቪዥኑ ጋር እያስተያየ። «የዴሞው ያበራል።»

የጤና ባለሙያው አፉ ውስጥ ጥጥ ጎስጉሶ ተራውን ጨረሰ።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ተጫዋቹ ሲሞት ማሽኑ «ኦኬሎን ማዳን ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ሲሉት «በዚህ የሙከራ ቅጂ ማዳን አይቻልም» ይላል። የደረሰበትን ቦታ ማስቀመጥ ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ፊልሞና የሚባል ዘማሪ ግን አልገባውም፤ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ተነሣና «ማነው አይቻልም ያለው?» ብሎ ቴሌቪዥኑን ጠየቀ። «ማስቀመጥ» ብለህ አርመው። የሃይማኖት ክርክር የሚያስተናግድ ቦታ ኩዎል ቤት የለም።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርህ። ዴሞው ሆዴን ቢያባባው ኩዎልን የድሮ ማሽን እንዳለው ጠየቅኩት። ከጠረጴዛ ሥር ካርቶን ጎተተ። ውስጡ አቧራ የጠጣ ማሽንና ፊቱ የተፋቀ ሲዲ አለ፤ ራሱ ቀይ ጃኬት! ትክክለኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነበርና ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ኦኬሎ ደግሞ አስተርጓሚያችን ነበር፣ አንድ ፊደል ሳያውቅ፣ አንድም ቀን ሳያመነታ። «ይሄ ሰውዬ ጀልባውን ሰብረውበት ነው» ይለን ነበር፤ የሚፈነከተው ሕዝብ ሁሉ በጀልባው ምክንያት ነበር የሚፈነከተው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳልነካው አውራ ጣቴ አንድ ነገር አልረሳም። ሁለት ቡጢ፣ አንድ ክርን፣ ዝቅ፣ ከዚያ ቧንቧውን ወደ ጉልበት። የወደቡን ምዕራፍ በአንድ ነፍስ ጨረስኩት። ኩዎል ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራ ያላገኘሁት ነው።

እና አንድ ነገር አስተዋልኩ። በቀይ ጃኬት ውስጥ የማይከፈት በር የለም። ሦስት ርግጫ፣ ወለል። ባንተ ዴሞ ግን መንገዱን ሙሉ ሰው ገድሎ መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። አርባ ጊዜ ረገጥኩት። ኩዎል በመጥረቢያ ሞከረው። ዘማሪው ጸለየበት። አይከፈትም፤ እያንኳኳህ ከኋላ መጥተው ይጨርሱሃል። ሁሉም ስሕተት ነው ይላሉ። ስሕተት ከሆነ አርመው። ካልሆነ ግን በዚህ አድራሻ አትጻፍልኝ፤ የራሴን ከታች አኑሬአለሁ፤ ናዝሬት አትከፍተውም።

ረታ


ዋርሶ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

በሩ ስሕተት አይደለም።

የዚያን ቅዳሜ አባባና እትዬ ለሠርግ ወደ ጎሬ ሄደው ነበር። ሦስታችን ጓሮ ክፍል፣ ቀይ ጃኬት ላይ ነበርን። ተኩሱ ሲጀምር የጨዋታው መስሎን ድምፁን ቀነስን፤ አልቀነሰም። ኦኬሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «አቻን ገበያ ናት» ብሎ ወጣ። እህቱን ሊፈልግ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። አንተ በሩን ቀረቀርክ። እኔ ነፍሱ እንዳትባክንበት ጨዋታውን አቆምኩለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተንኳኳ። በመዳፍ። ሦስት ጊዜ፣ ቆየት ብሎ ሦስት ጊዜ። ድምፅ አላሰማም። እጅህ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ ዞረህ አየኸኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። እምቢ አልኩ። አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው ላይ አላውቅም፣ እዚያው ደጁ ላይ ተኮሱ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። አመሻሽ ላይ ስንከፍት ደፉ በደም ርሶ ነበር፤ ሰው የለም፣ አንሥተውታል። በማግስቱ ኦኬሎ ሞተ፣ ተቀበረ ሲሉ ሰማን። እኔና አንተ ተያየን፤ ከዚያ አባባ በጭነት መኪና አሳፍረው ሰደዱኝ።

አራት ዓመት የሠራሁት ያንን በር ነው፤ መንገዱ፣ ቧንቧው፣ ጥርሱ በኋላ የመጣ ነው። አቻን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። በቃል አልችልም፤ በጽሑፍም ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እስከ በሩ ትጫወተው። ከዚያ ከውስጥ ማን እንደነበረ ንገራት። ከሚያዝያ 1 በፊት ስሙን አውጣ ካለች አወጣለሁ። ጨዋታውን ደምስስ ካለችም እደመስሰዋለሁ። ይቅር ካለች ደግሞ አላውቅም፤ እስከዚያ አስቤ አላውቅም።

አቤኔዘር


ጋምቤላ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቤኔዘር፣

ይህን በሁለት ጣት የምተይበው ራሴ ነኝ፤ ስለዚህ አጭር ነው።

አንተ ራስህን አልነቀነቅክም። አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ ፊትህን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረህ ጆሮህን በሁለት እጅህ ይዘህ ነበር። ዞሬ ያየሁህ ጥፋቱ ሁለተኛ ሰው እንዲኖርበት ነው። መቀርቀሪያው ላይ የነበረው እጅ የማን እንደሆነ አንተው ጽፈሃል። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ፣ ዲፕሎማ ያለኝ።

አቻን በኩሌ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ነርስ ናት። ከተማ ስትመጣ ታገኘኛለች፤ «ቲቸር ከሳህ» ትለኛለች። አንድም ቀን ስለ ወንድሟ አሟሟት አንሥቼባት አላውቅም። የማውቀውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

እነግራታለሁ። አትቸኩልብኝ።

ረታ


ዋርሶ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አማርኛውን አልነካሁትም፤ ሌላ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አለቃዬ ደሙን አስቀንሶኛል። መጣች?


ዋርሶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣ ምን አለች?


ጋምቤላ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቤኔዘር፣ ሰላም ላንተ ይሁን፣

ለሁለት ወር ያህል ያዘገየሁት ከኩሌ የሚያመጣው የኢታንግ መንገድ ተዘግቶ ነው ልልህ እችላለሁ። ለአንድ ሳምንት እውነት ተዘግቶ ነበር። የቀረው እኔ ነኝ።

አቻን ቅዳሜ መጣች። «አቤኔዘር የሠራው ጨዋታ አለ፣ የኦኬሎ ስም አለበት» አልኳት። ሌላ አልነገርኳትም። ኩዎል ዘንድ ገብታ ቦርሳዋን እኔ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

እንዲህ ዓይነት ሰው ገዳይ አይቼ አላውቅም። በሰባት ደቂቃ ውስጥ መንገዱን ምንጣፍ አደረገችው። አንዱን ከጀልባ ላይ በፀጉሩ ጎትታ አወረደችው፤ ሌላውን አንገቱን በጉልበቷ ይዛ ቧንቧውን ሁለቴ አሳረፈችበት፤ ስትሄድ ተመልሳ ሦስተኛ ጨመረችለት።

«እሱ እኮ ሞቷል፣ ሲስተር» አለ ኩዎል።

«አላመንኩትም።»

«የት ተማርሽ?» አልኳት።

«ኦኬሎ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለእኔ ነበር የሚሰጠው፣ እናንተ ከትምህርት ቤት ሳትመጡ። ቲቸር፣ ክርንህን ወዲያ በል፣ መንገድ ዘጋህብኝ።»

ሰማያዊው በር ጋ ደረሰች። ረገጠች። በቧንቧ መታች። ከዚያ ቧንቧውን ጣለችና በባዶ እጅ ታንኳኳ ጀመር። እኛ ይህን አንድም ቀን አልሞከርንም። ከኋላ መጡባት፤ አልዞረችም። የመጨረሻዋን ነፍስ ወሰዷት። ማሽኑ «ኦኬሎን ማዳን ይፈልጋሉ?» አላት። «አዎ»ን ጫነች። «በዚህ የሙከራ ቅጂ ማዳን አይቻልም» አላት። ደግማ ጫነች። ደግሞ ነገራት። ኩዎል ወጣ፤ ኩዎል ሞኝ አይደለም።

«ይሄ በር የማን ነው?» አለች።

«የኛ ነው። የጓሮው ክፍል።»

«ከውስጥ ማን አለ?»

ነገርኳት። ያንተን ደብዳቤም የኔንም ሳልቀንስ ነገርኳት። የበሽተኛ ታሪክ እንደሚሰማ ሰው ዓይኗን ሳትነቅል ሰማችኝ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት።

«ስንት ሰዓት ነው የተንኳኳው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የግድግዳ ሰዓት ነበረን።»

ተነሥታ በጥፊ መታችኝ። የነርስ እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ካላየኸው አታውቅም። መነጽሬ ቴሌቪዥኑ ሥር ገባ፤ አፌ በደም ሞላ። ቀኝ ጉንጬን ስይዝ ግራውን ደገመችኝ። ከወንበሩ ወደቅኩ። ሳልነሣ ወገቤን በጫማዋ አለችኝ።

«ይሄ ዱላ የኦኬሎ አይደለም» አለች። «የሌላው ሰውዬ ነው።»

«የየትኛው ሰውዬ?»

«የበሩ።»

ወለሉ ላይ እንዳለሁ ያንተን ጥያቄ ጠየቅኳት። አላመነታችም። «ስሙን ያውጣ። ወንድሜ ያንን በር አላንኳኳም። ጨዋታውን እንደፈለገ ያድርገው፤ እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም።» ቦርሳዋን አነሣች። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኳት። ኦኬሎን ድልድዩ ሥር ወድቆ ያገኙት እሷና አጎቷ ናቸው። ያነሡት ከቀትር በፊት ነው። የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብረው ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

ረታ